የጥንቸሎቹ ጉዝጓዝና የእማማ ጎመን

ጥር 6፣ ሰኞ። ጧት

የጥንቸሎቹን ቤት ጠርጌ ጨረስኩ። ትዕግሥት ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። እጄ ፍግ፣ ጀርባዬ ልጅ። እንዲህ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ፣ ብትሸቺ እንዳትቀየሚኝ።

መ/ቤታችን ለሴቶች ሠራተኞች ያደላቸው ጥንቸሎች የት እንደደረሱ አይጠየቅም። የኔዎቹ አሉ። ሁለት እናቶች፣ አንድ ወንድ፣ የግልገል መንጋ። ሥጋቸውን አልነካም፣ ክርስቲያን ነኝ። ግልገሎቹ ሲጠነክሩ ጎረቤቴ ዘሀራ ትወስዳለች፣ እነሱ ቤት ይበላል። እኔ የምፈልገው ፍጋቸውን ነው። ባለፈው ጥቅምት ያፈሰስኩበት መደብ ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ወንዱን በልቤ ሊቀመንበር ብዬዋለሁ። እዚህ ሊ.መ. እያልኩ ነው የምጽፈው፣ የቀበሌ ጆሮ ሩቅ አይደለም።

ነገ እማማ ከዱርቤቴ ይመጣሉ። የባለቤቴ የደረጀ እናት። የወሊድና የዓመት ፈቃዴን ቀጣጥዬ እስከ የካቲት መጨረሻ አድርሼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ትዕግሥትን የሚይዝልኝ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም። ቤተሰቤ ናዝሬት ነው። ደረጀ ከባድ መኪናውን ይዞ አሰብ መንገድ ላይ ነው። ከገና በፊት አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም። ልጁን በዓይኑ አላያትም። እማማ ቤቴን ካልወደዱት ሥራዬን መተዌ ነው።

ለጥንቸሎቹ ከሐይቁ ዳር ሁለት እቅፍ እርጥብ ቄጠማ አስመጥቻለሁ። ቤታቸው አምሮ እማማን ይጠብቃቸው።


ጥር 7፣ ማክሰኞ። ከሰ.

ተዋረድኩ።

እማማ ደረሱ። ነጠላቸው በመንገድ አቧራ ቀልቷል። ደጃፉ ላይ የተረፈውን ቄጠማ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ለእኔ ብለሽ ነው ልጄ፣ ምነው አስቸገርሁሽ አሉ። ቤቱን ጎዝጉዤ የምቀበላቸው መስሏቸው። አዎ ብል ምን ነበረበት? አንገቴን ደፋሁ። ደግሞ አንድ ዘለላ እንኳ ሳሎን አልበተንኩም።

ትዕግሥትን ታቅፈው ጓሮ ወጡ። እነ ሊ.መ. ለምለሙ ላይ ተንፈላሰው ያኝካሉ። እማማ ቆመው አዩአቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፦

«በሉ፣ እናንተንም እንኳን አደረሳችሁ።»

አሏቸውና ገቡ። ቀልድ ይሁን ቁጣ እስካሁን አላወቅኩም። ትዕግሥት ግን እቅፋቸው ውስጥ ገብታ ድምፅ የላትም። ለእሱስ ተመስገን።


ጥር 12፣ እሑድ

ጥምቀት አለፈ። የጥንቸሎቹ ቤት ይገማል።

ቄጠማው ከላይ ለምለም፣ ከሥር ጥቁር። እጄን ብሰድ ይሞቃል፣ ይዝለገለጋል። ዝንብ። አንደኛዋ እናት አፍንጫዋ ፈሷል። ልጅ ሆኜ ጉዝጓዝ ሲባል የማውቀው ቄጠማ ብቻ ነው፣ ሌላ አልመጣልኝም። ቄጠማ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ በዓሉ ሲያልፍ ተጠርጎ ይወጣል። ጥንቸል በየቀኑ እንደሚሸናበት ማን ነገረኝ።

ሁሉንም አውጥቼ ጓሮ ያለው የብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። እርጥብ በእርጥብ ላይ። እሱም ገማ።

ከሽታው የባሰው ምሳ ላይ ነው። ጎመን ሠርቼ ነበር፣ በቅቤ፣ የጓሮዬን። እማማ ወደ እኔ በኩል ገፋ አደረጉልኝ። የምታጠባ ትብላ አሉ። እሳቸው እንጀራቸውን በበርበሬ። ትናንትም እንደዚሁ። ከትናንት በስቲያም። ገባኝ። ጥንቸል ርኩስ ነው። በጥንቸል ፍግ የበቀለስ? አልጠየቅኳቸውም። እንዲህ ያለው ለእንግዳ አማት አይጠየቅም፣ ይስተካከላል እንጂ።

አስተካክላለሁ። መጀመሪያ ሽታውን።


ጥር 15፣ ረቡዕ

ሰጋቱራ! ማዕዘኑ ላይ ያለው አናጢ ጆንያ ሙሉ ሰጠኝ። እንዲያውም ውሰጅልኝ ብሎ ለመነኝ። ደረቅ፣ ቀላል፣ ቀላ ያለ። ሽንቱን ምጥጥ ያደርጋል። ሊ.መ. መሐሉ ተጎልቶ ሪፖርት የሚያዳምጥ ይመስላል።

እማማ ዛሬ ትዕግሥትን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው፣ አፍንጫዋን ሲያቃኑላት ዋሉ። አፍንጫው የደረጀ ነው፣ የሚቃና አይመስለኝም። ሲዘፍኑላት ሰማሁ፣ አባትሽ ይመጣል፣ አባትሽ ይመጣል። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጎመን አልበሉም።


ጥር 20፣ ሰኞ

ጥንቸሎቹ ያስነጥሳሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፣ እንደ ስብሰባ። ዓይናቸው ያነባል። የአናጢው እንጨት ጥድ ነው ለካ፣ ብናኙ ያቃጥላል። ለሣጥን የሚሆነው ሽታ ለአፍንጫቸው አልሆነም።

ሌላ ጥፋት። ፍግ ያለበትን ሰጋቱራ እንዳለ የሰላጣ ችግኝ ሥር ከምሬው ነበር። ችግኙ ቢጫ ሆነ። ሳይበሰብስ ለአፈር መስጠት የመሬቱን ጉልበት ይበላዋል። ይህን መ/ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ በታይፕ መትቼዋለሁ፣ ለገበሬዎች የሚላክ ጽሑፍ ላይ። ጣቴ ያውቀዋል፣ ጭንቅላቴ አላነበበውም።

ዘሀራ አጥሩ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ባሏ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ዕቃ የሚያመጡለት አህዮች ከነጭዳቸው ጓሮዋ ያድራሉ። ጭድ ሰጠችኝ። ጥንቸሎችሽን ወይ በወጉ ያዣቸው ወይ ስጭኝና ድስት ውስጥ ይመቻቸው አለች። ሰደብኳት። ጭዱን ግን ወሰድኩ።


ጥር 25፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት፣ ከሐይቁ መልስ

ጭድ ብቻውን አልሆነም። ይለሰልሳል፣ ያሞቃል፣ ግን አይጠጣም። ሽንቱ በመሐሉ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ መዳፋቸው ቀላ።

እማማ ልጅቱን እይዛለሁ፣ ወጣ በይና ነፋስ ያግኝሽ አሉኝ። ከወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወጣሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ጋ ደረስኩ። ከሐይቁ የቆረጡትን ደንገል እያጠበቁ በገመድ ይጠፍሩታል። ለታንኳ የማይሆነው ቁርጥራጭ ጎን ላይ ተከምሮ ደርቋል። አንዱን አንስቼ ሰበርኩት። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ባዘቶ ቀላል። ውኃው ውስጥ ነከርኩት። ጠጣ። ጨመቅኩት፣ ተፋ። እንደገና ነከርኩት፣ ጠጣ።

ሰዎቹ አዩኝ። ምን ሆነች ብለው ይሆናል። ልውሰድ አልኳቸው። ለማገዶ ከሆነ ቶሎ ያልቃል አሉኝ። ለጥንቸል መኝታ ነው ስል አንዱ መሬት እስኪቀመጥ ሳቀ፣ ከዚያ ራሱ አስሮ አሸከመኝ። እግዜር ይስጠው።

ቤት ስደርስ ትዕግሥት ተኝታለች። የጥንቸሎቹ የውኃ ጣሳ ሞልቷል። እኔ አልሞላሁትም።


የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ሠራ! ደንገሉን በአውራ ጣት ልክ ቆራርጬ ከሥር፣ ጭዱን ከላይ። ሽንቱ በጭዱ አልፎ ደንገሉ ውስጥ ይገባል። ላዩ ደረቅ። በየሦስት ቀኑ የሥሩን አወጣለሁ። መዳፋቸው ዳነ፣ ንፍጡ ደረቀ። እናቲቱ ከጭዱ ነጭታ ለሚመጡት ግልገሎች ጎጆ ሠራች፣ ከደረቷ ጠጉር ጨምራ። እኔም ለትዕግሥት እንዲህ አላሰናዳሁም።

እማማ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። አየሩን ሳብ አደረጉ። «አሁንስ የሰው ቤት መሰለ» አሉ። ቀኑን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ።

ጉድጓዱንም ከእንደገና። ያን የገማ ቄጠማ አውጥቼ አሰጣሁት። አሁን እንዲህ ነው፦ አንድ እርከን ከነፍጉ ደንገል፣ አንድ እርከን የሙዝ ቅጠልና የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ አፈር፣ በላዩ ቆንጠር ያለ አመድ። እጄ ላይ ሲጨመቅ የሚያረጥብ፣ የማያንጠባጥብ። ከጥቅምት የቀረውንም አሮጌ ብስባሽ እንደ እርሾ መሐሉ ጨመርኩ።

ማታ ጎመን አቀረብኩ። እማማ ገፋ አደረጉ።


የካቲት 6፣ ረቡዕ

ክምሩ ሞቀ። በትር ሰክቼ ሳወጣው እጅ ያቃጥላል። ጧት ጧት ይተናል። ገልብጬው ላቤ ጠብ አለ፣ ደስ የሚል ድካም ነው።

ከደረጀ ምንም። ሾፌሮች መናኸሪያ አካባቢ የሚያወሩትን ዘሀራ ሰምታ መጣች። መኪኖቹ መንገድ ላይ ታግደዋል፣ በወታደር የሚታጀብ ኮንቮይ እስኪፈቀድ ይጠብቃሉ ይባላል። ይባላል ብቻ ነው። እማማ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ተነስተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፣ ጎመኑን ውኃ ያጠጣሉ።

የማይበሉትን ለምን ያጠጣሉ? ለእኔ ብለው ነው፣ ወገቧን እንዳያማት ብለው። ጥሩ ሰው ናቸው እኮ ደብተሬ፣ እግዜር ሰጠኝ።

ግን ከስተዋል። ቀሚሳቸው ሰፍቷል፣ መቀነታቸውን አንድ ዙር ጨምረዋል። ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ። ቢታመሙብኝስ? ዱርቤቴ ሄጄ የምበላውን ልብላ ቢሉስ? ሥራው ይቅር፣ እሱን ትቼዋለሁ። አሁን የምፈራው ለእሳቸው ነው።


የካቲት 11፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ከእንግዲህ ቤቱ ጎመንና ሽሮ ነው። ሽሮው ለእሳቸው፣ ጎመኑ ለእኔ። አልቻልኩም።

ከቅዳሴ መልስ የእማማን የነፍስ አባት ጠብቄ ያዝኳቸው። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ለእሳቸው ነው የሚናዘዙት። በጥንቸል ፍግ የበቀለ ይበላል ወይ አልኳቸው። መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። አፈር የሆነ ነገር አፈር ነው፣ ብዪ አሉ። ይህንኑ ለእማማ እንዲሏቸው ለመንኩ። እንቢ አሉ።

«ነገሩ የጥንቸል መሰለሽ?»

አሉኝ። ባርከውኝ ሄዱ። የምን ነው ታዲያ? ምን አጠፋሁ? መንገዱን ሁሉ የሠራሁትን ጥፋት ስቆጥር መጣሁ። የቄጠማው ቀን ይሆን?


የካቲት 20፣ ረቡዕ

የቀበሌ የጽዳት ዘመቻ። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፣ የሆነውን ዘሀራ ነው ሆዷን ይዛ እየሳቀች የነገረችኝ።

ተቆጣጣሪው ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ገባ። ክምሩን አየ። ቆሻሻ ነው፣ ዛሬውኑ ይነሳ አለ። አካፋ ይዞ የመጣ ሰው አስከትሏል። እማማ ትዕግሥትን ለዘሀራ በአጥር አቀበሏት፣ ሄደው ክምሩ ፊት ቆሙ። እንዲህ አሉ አለችኝ፦

«የምን ቆሻሻ ታወራለህ አንተ? የልጄ ጎመን ከዚህ ነው የሚበላ። ጧት ጧት እኔ ነኝ የምገላብጠው፣ እጄን ሰድጄ አይቸዋለሁ። በል ና አሽትተው። ከሸተተህ አንሳው፣ ካልሸተተህ በመጣህበት ተመለስ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። እውነቱን ለመናገር ምንም አይሸትም፣ ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። ጓድ እናቴ፣ ይቀጥሉ ብሎ ወጣ። ወር በገባ የቀበሌውን ሰው ሁሉ አምጥቼ አሳያለሁ አለ አሉ።

ስሰማ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ጧት ጧት እኔ ነኝ የምገላብጠው? ለዚህ ነው ለካ በትሩን ሁልጊዜ ከተውኩበት ሌላ ቦታ የማገኘው። በግድግዳ ተደግፈው የሚነሱ ሴት፣ እኔ ሳልነቃ ክምር ይገለብጣሉ። እንግዲህ ጥንቸሉን አልተጸየፉም። ታዲያ ጎመኑን?


የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ብስባሹ ደረሰ። ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ። ደንገሉ የት እንደገባ አይታወቅም። በወንፊት ቅርጫት ነፋሁት፣ ሸካራው ለሚቀጥለው ክምር ተመለሰ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው በጣታቸው ፈተጉት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። እንዲህ ያለ አፈር የአባቴ የበሬ ጋጣ ጀርባ ብቻ ነው ያየሁ አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ።

አብረን መደቡን አለበስነው። ለቲማቲሙ ጭብጥ ጭብጥ፣ ለጎመኑ ሰፋ አድርገን፣ ለዘሀራ አንድ ቅርጫት በአጥር። በዳር ያለው የጎመን መደብ ላይ እማማ ራሳቸው ደግመው ጨመሩ። ይህን አትቁረጭው አሉ። ለምን አልኩ። ይደግ አሉ።

ዛሬ ጎመን ይብሉ አላልኩም፣ አላቀረብኩም። ዝም ብዬ ሽሮ ሠራሁ።


የካቲት 29፣ ዓርብ። ከሰ.

ዘሀራ ነገረችኝ። ተጣድፌ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ካልተነበበሽ ተይው።

አጥር ላይ ጠራችኝ። መጀመሪያ አስማለችኝ። ከዚያ አንሾካሾከች። እማማ እዚህ የመጡ ሰሞን ነው የነገሯት። ስለትን ለክርስቲያን ከነገሩት ወሬ ሆኖ ይፈርሳል፣ ለእናንተ ቢነገር ግን ምን ይላል ብለው፣ ልባቸውን ሲከብዳቸው ለእሷ ተነፈሱ። ዘሀራ እስከዛሬ ቻለችው። መክሳታቸውን ስታይ አልቻለችም። ቃሉን እንዳለ ነገረችኝ፦

«ልጄን በዓይኔ እስካይ ለምለም ነገር አልቀምስም ብየ ለእመቤቴ ተስያለሁ። ከገና ወዲህ ነው። ለሚስቱ እንዳትነግሪብኝ፣ ጡቷ ይደርቃል ስትጨነቅ።»

ከገና ወዲህ። ደብዳቤው ከቀረ ወዲህ ማለት ነው። እኔን ከማየታቸው በፊት፣ ጥንቸሎቹን ከማየታቸው በፊት። እኔ ሽታ ሳጠፋ፣ ሰጋቱራ ስሸከም፣ ቄስ ስለምን፣ እሳቸው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። በየማዕዱ ምን እያቀረብኩላቸው ነበር? ይብሉ፣ ይቅመሱ፣ እያልኩ፣ በየቀኑ። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረብኝም። ለምለሙን ሁሉ ወደ እኔ ገፉልኝ፣ በእኔ በኩል ወደ ልጃቸው ልጅ እንዲሄድ።

ስንት ነገር ፈርቼ ነበር። ይሄዳሉ ብዬ፣ ንቀውኛል ብዬ። አፍሬያለሁ፣ ግን ከእፍረቱ ምስጋናው ይበልጣል። እኔ ብቻዬን አይደለም የምጠብቀው ለካ። ቤቴ ውስጥ ሌላም የምትጠብቀው እናት አለች፣ ከእኔ ቀድማ የጀመረች።

ዳር ያለው መደብም ገባኝ። የደረጀ ነው።


መጋቢት 1፣ እሑድ

ነገ ሥራ እገባለሁ። ልብሴን ተኩሻለሁ። እማማ ሳልጠይቃቸው ክረምቱን እዚሁ ነኝ አሉ፣ ዱርቤቴ ያለውን ቤት እህቴ ትጠብቅልኛለች አሉ። ተመስገን። ሁለተኛዋ እናት ጥንቸልም ወለደች፣ ጠጉር የሌላቸው ቀያዮች፣ ደንገሉ ደረቅ ነው። ሊ.መ.ን ከእነሱ ለይቻለሁ፣ ተቆጥቷል።

ከደረጀ ዛሬም ምንም የለም። ስጋቱ እንዳለ ነው፣ አልዋሽሽም።

ገበያ ወጥቼ ነበር። ምስር፣ ሽንብራ፣ ተልባ፣ ባቄላ ገዛሁ። አንዳቸውም ለምለም አይደሉም፣ ሁሉም ያጠነክራሉ። ከነገ ጀምሮ የእማማ ምሳ እነዚህ ናቸው። እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም። ጎመን በፊታቸው አላስቀምጥም። የዳሩን መደብ አልቆርጥም። አጠጣዋለሁ፣ ሲያብብም ያብብ፣ ዘር ሲይዝም ይያዝ።

ቀን ቀን ጎመኔን መ/ቤት ወስጄ እበላለሁ፣ ለልጅቱ ጡት ያስፈልጋልና። እራት ላይ ግን፣ ከእማማ ጋር አንድ ትሪ ላይ፣ እሳቸው የሚበሉትን እበላለሁ። ለምን ቢሉኝ ደረቁን ነው የምወደው እላለሁ።